ላሚቱ ስንት ታወጣለች?

ላም አስይዞ መበደር በሕግ ከተፈቀደ ዓመታት አለፉ። የተንቀሳቃሽ ንብረት የመያዣ መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ቤትም የመሬት ካርታም የሌለው ሰው ከብቱን፣ እህሉን ወይም ማሽኑን በዋስትና እንዲያስይዝ በር ከፍቷል፤ መያዣው የሚመዘገብበት መዝገብም በብሔራዊ ባንክ ሥር አለ። በወረቀት ደረጃ ነገሩ አልቋል። የሚከብደው አበዳሪው ብዕሩን አንስቶ "ላሚቱ ስንት ታወጣለች?" ሲል ነው።

ሮቤ ያለችው አክስቴና ስድስት ጎረቤቶቿ ይህን ጥያቄ ይዘው ደወሉልኝ። ፋጉሎና ፍሩሽካ በጅምላ ለመግዛት ብድር ፈልገዋል። በየጓሯቸው ያሉት ላሞች ቢደመሩ አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ አብዛኞቹ ድቅል፣ ጥቂቶቹ የአገር። "አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ነው የተማርከው አይደል? እስቲ ለእነዚህ ላሞች ዋጋ አውጣላቸው" አለችኝ አክስቴ። ኢንጂነሪንግ ተምሬ አዲስ አበባ ውስጥ ለክፍያ ሥርዓቶች ኮድ እጽፋለሁ እንጂ ላም አላልብም። ቢሆንም አክስቴን እምቢ ማለት የሚታሰብ አልነበረም።

ጥያቄው በሌላው ዓለም የቆየ መልስ አለው። ዴይሪኮምፕ 305 የሚባለውን የካሊፎርኒያ ፕሮግራም የመሰሉ የመንጋ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዷ ላም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። (305 አንዲት ላም በአንድ ወሊድ ትታለባለች ተብሎ በመደበኛነት የሚያዘው የቀን ብዛት ነው።) አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ላሚቱ ከዛሬ ጀምሮ የምታስገባው ይገመታል፣ የምትበላው ይቀነሳል፣ ከዚያ በእሷ ቦታ አዲስ ጊደር ብትተካ ከሚገኘው ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከወረደ መተካቷ ያዋጣል ማለት ነው። የወተቱን አካሄድ ለመገመት ዉድ የተባለ ተመራማሪ በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ቀመር አለ፤ ወተት ከወሊድ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ይጨምራል፣ ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። እርግዝናም ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። የፍሎሪዳው ተመራማሪ አልበርት ደ ቭሪስ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ በዚያ አገር ሁኔታ አንድ አዲስ እርግዝና በአማካይ 278 ዶላር ያወጣል።

ሐሳቡን ወስጄ በፓይተን ጻፍኩት፣ በስልክ የሚሞላ ቀላል ገጽ ሠራሁለት፣ ወደ ሮቤ ሄድኩ። ከቤት ቤት እየዞርን መሙላት ጀመርን።

የመጀመሪያው ሳጥን የወለደችበት ቀን ነው። አንዷ ጎረቤት "ለአረፋ ማግስት" አሉኝ። ሌላዋ "የጋና ገብስ ታጭዶ ሳያልቅ" አሉ። ባሌ ውስጥ ዝናቡም አዝመራውም ሁለት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው ጋና፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው ቦና ይባላል። አረፋን፣ መስቀልን፣ የጋናን አጨዳ ወደ ቀን የሚመልስ ትንሽ ኮድ ጨመርኩ፤ ቀኑ በትክክል ካልታወቀም "ከዚህ እስከዚህ" ብሎ እንዲቀበል አደረግሁት። ሰዎቹ የላሞቻቸውን ወሊድ ያስታውሳሉ፤ የሚያስታውሱት በራሳቸው መቁጠሪያ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን የቀን ወተት ነው። እነዚያ ፕሮግራሞች በተሠሩባቸው እርባታዎች ጥጃ በተወለደች በሰዓታት ውስጥ ከእናቷ ትለያለች። እዚህ ግን መጀመሪያ ጥጃዋ ትጠባለች፣ ላሚቱ ወተቷን ትለቃለች፣ ከዚያ ይታለባል፣ መጨረሻ ላይም ለጥጃዋ ይተውላታል። ጣሳው የሚያሳየው የታለበውን ብቻ ነው። ከእህል ነጋዴ ሚዛን ተውሰን ጥቂት ጥጃዎችን ከመጥባታቸው በፊትና በኋላ መዘንን፤ የአክስቴ ልጆች በሳቅ ሞቱ። ሚዛኑ ላይ የሚራገጥ ጥጃ መያዝ ኮድ ከመጻፍ ይከብዳል።

ሦስተኛው፣ ላሚቱ ከብዳለች ወይስ ባዶ ናት የሚለው ነው። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ከአንድ ቀን አይዘልም። ጠዋት ከታየች ማታ፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ዕለቱ እሑድ ከሆነ ወይም የአዳቃዩ ሞተር ሳይክል ካልተነሳ፣ ሃያ አንድ ቀን ገደማ ሌላ ዙር መጠበቅ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅም፤ "ከወለደች 200 ቀን፣ ባዶ" ሲል የሚቀጣው ላሚቱን ነው። ስለዚህ አዳቃይ የተጠራበትንና የደረሰበትን ሰዓት የሚይዙ ሁለት ሳጥኖች ጨመርኩ። ከባዶዎቹ መሀል ጥፋቱ የመንገድ እንጂ የማህፀን ያልሆነባቸው እንዳሉ ያኔ በግልጽ ታየ።

የወተቱም ዋጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22። ሮቤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተጎራብቶ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በአንዱ ቤት ወተት ሲቀር በሌላው ቤት ለማፍጠሪያ ይፈለጋል። ግን ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ ሁለቱ ጾሞች ጥቂት ዓመት አብረው ሄደው ይለያያሉ። ያን ጊዜ ሁዳዴ ብቻውን ይቀራል። የአንዲትን ላም የመጪ አምስት ዓመት ወተት የሚገምት ፕሮግራም ይህን ማስላት አለበት፤ አስገባሁት።

እስከዚህ ድረስ ያለው በኮድ የሚፈታ ነው። በኮድ የማይፈታው ተተኪዋ ጊደር ናት። ስሌቱ በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው፦ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ሮቤ ላይ ማን ነው ጥሩ ድቅል ጊደር የሚሸጥልህ? አክስቴን ስጠይቃት "ጥሩ ከሆነች አይሸጣትም፤ ከሸጣት ለምን ሸጣት ብለህ ጠይቅ" አለችኝ። ተተኪ የሚገኘው ከራስ በረት ነው፤ ያም ሴት ጥጃ ከተወለደች፣ ካደገች፣ ሁለት ሦስት ዓመት ከተጠበቀ።

የአክስቴ ቡሬ ሰባት ወልዳለች። አሁን በቀን ሰባት ሊትር አትሞላም። ደላላ በነገረኝ የጊደር ዋጋ "ነገ ትተካለች" ብዬ ሳሰላት ከዜሮ በታች ወጣች። በረቱ ሁለት ዓመት ባዶ ይቆያል ብዬ ሳሰላት ከአሥራ ዘጠኙ አራተኛ ሆነች። "እናቷ ማን ናት?" የሚለው ሳጥን ሲሞላ ደግሞ በቡድኑ ካሉት ላሞች አራቱ የእሷ ልጆችና የልጅ ልጆች መሆናቸው ታየ።

የአበዳሪው ገማች መጣ። ጥርሷን አየ፣ ጡቷን ዳሰሰ፣ ቡሬን በሥጋ ዋጋ ጻፋት። በእሱ በኩል ሲታይ ልክ ነው። ብድሩ ካልተከፈለ ገበያ ወስዶ ነው የሚሸጣት፤ ገበያ ደግሞ ነገ የሚታለብ ወተት አይገዛም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? ለቀሩት ግን አትመን የሰጠነውን መዝገብ አገላብጦ አየ፤ ለስድስቱም መጀመሪያ ከጻፈው ከፍ አደረገላቸው። እኔ ያወጣሁትን ዋጋ በዓይኑም አላየው። ያሳመነው የወሊዱ ቀንና የየወሩ ወተት ነበር።

ሰነዱ ሊፈረም ሲል አክስቴ "ቡሬን አታስገቧት" አለች። በሥጋ ዋጋ መጻፏ አናዷት መስሎኝ በእኔ ስሌት አራተኛ መሆኗን ላስረዳት ጀመርኩ። አቋረጠችኝ። "ሌሎቹን አስይዙ። እሷ ግን ነገ አንድ ሰው ቢታመምብኝ ማንንም ሳላስፈቅድ የምሸጣት ናት።"

የተያዘች ላም ያለ አበዳሪው ፈቃድ እንደማትሸጥ ሕጉን አንብቤ አውቅ ነበር። አክስቴ ሕጉን ሳታነብ ዋጋውን አውቃዋለች፤ ያለፈቃድ መሸጥ መቻል ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚያሰላ መስመር በኮዴ ውስጥ የለም። ብድሩ ቡሬ በመቅረቷ ትንሽ ቀነሰ፣ ፋጉሎው ግን ተገዛ።

ፕሮግራሙ ዛሬም ይሠራል። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ማታ ማታ ወተቱን በስልክ ትሞላለች። የዋጋውን ዓምድ ባለቤቷ ካልጠየቀች በቀር እንዳይታይ አድርጌዋለሁ። በቡሬ መስመር ላይ ወሊዷ፣ ወተቷ፣ ልጆቿ ሁሉ ተጽፈዋል፤ የዋጋዋን ቦታ ባዶ ተወው ስላለችኝ ባዶ ነው።