ጥላው በደጃችን ሲያልፍ

ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የዚያን ዕለት የጨረቃ ጥላ ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ጉዞውን ጀመረ። ውቅያኖሱን በሰያፍ አቋርጦ ጋቦን ላይ የብስ ረገጠ፤ ሁለቱን ኮንጎዎችና ሰሜን ኡጋንዳን አልፎ፣ የቱርካናን ሐይቅ ተሻግሮ፣ በደቡብ ጠረፋችን ገባ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሶማሊያ ውስጥ አበቃለት። ከ13 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ የጨረሰው በሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አንድን ቦታ በአማካይ በ375 ዓመት አንድ ጊዜ ይጎበኛል ይላሉ ስሌቱን የሠሩት። እኛን የጎበኘን በዚያ እሑድ፣ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ቪዛ አልጠየቀንም፣ የአውሮፕላን ትኬት አላስቆረጠንም።

እኛ ግን አልተቀበልነውም።

ባሕር ያላቸው አገሮች እንዲህ ያለ እንግዳ እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቁበታል። አውስትራሊያ ውስጥ ከ1945 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈረንጆች ገና ማግሥት ባለሸራ ጀልባዎች ከሲድኒ ይነሡና 628 የባሕር ማይል ተጉዘው ሆባርት ይገባሉ። ቀዳሚዋ ጀልባ በስንት ሰዓት እንደምትደርስ የሚወስነው ነፋሱ ነው፤ ቀን ልትገባም፣ ሌሊት ልትገባም ትችላለች። ፎቶ አንሺው ግን ረጅም ሌንሱን ደግኖ ደርዌንት ወንዝ ዳር ይጠብቃል፤ ያቺ ቅጽበት ካመለጠች በኋላ ማንም መልሶ እንደማያመጣለት ያውቃል። የእኛ እንግዳ ከዚያ ይሻል ነበር። የሚያልፍበት መንገድና የሚደርስበት ሰከንድ ሳይቀር ከዓመታት በፊት ተሰልቶ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። የሚጠበቅብን ቀድሞ ሄዶ መቆም ብቻ ነበር።

ድህነት ነው ያስቀረን እንዳልል፣ ከከተማችን ከነገሌ ቦረና ወደ ደቡብ የሚወርድ አይሱዙ ላይ መሳፈር ማንንም አያደኸይም። ባለማወቅ ነው እንዳልል፣ ወሬው በሬዲዮ ተነግሯል። የተነገረን ግን እንደ አደጋ ነበር፦ ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ልጆቻችሁን ጠብቁ። ምክሩ ትክክል ነው፤ በባዶ ዓይን ፀሐይ ላይ ማፍጠጥ ሊያሳውር ይችላል። ነገር ግን «ወደዚህ ከተማ ሂዱ፣ በዚህ ሰዓት ወደ ምዕራብ ዙሩ» ያለን ሰው ትዝ አይለኝም። እኛም «ነገሌም ቢሆን ቅርብ ነው፤ ከዚሁም ይታያል» አልን። የቁጭቴ ሥር ያለው በዚህች «ቅርብ ነው» ውስጥ ነው።

ግርዶሽ ላይ «ቅርብ» የሚባል ነገር የለም። የጥላው መንገድ እኛ ጋ ሲደርስ ቀጥኖ ጠባብ ጥብጣብ ሆኖ ነበር፤ ነገሌ ደግሞ ከጥብጣቡ ውጭ፣ በስተ ሰሜን ቀርታለች። ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ 400 ሺህ ጊዜ ያህል ደምቃ ታበራለች። ስለዚህ ከመቶ 99 እጇ ተሸፍኖ አንዷ እጅ ብቻ ብትቀር እንኳ፣ ያቺ አንዷ 4 ሺህ ሙሉ ጨረቃ ያህል ብርሃን ታፈሳለች። ሰማዩ አይጨልምም፣ ኮከብ አይወጣም፣ በፀሐይ ዙሪያ ያለው ነጭ አክሊል አይታይም። መስመሩ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየውና ትንሽ ወጣ ብሎ የቆመ ሰው የሚያየው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ቀድሞ የነገረን ቢኖር ኖሮ...

የዚያን ዕለት ነገሌ ውስጥ ካሜራ የነበረን፣ እኔ የማውቃቸው ሁሉ፣ ሰርግ ላይ ነበርን። የሐጋያ ዝናብ ወቅት ስለሆነ ፀሐይዋ በደመና መካከል ገባ ወጣ ትላለች። ሙሽሮቹን ዛፍ ሥር አቁመን ስናነሣ ብርሃኑ ተበላሸብን። የምሽት ፀሐይ እንደ ልማዷ ቢጫ ሆና አልሞቀችም፤ ገረጣች እንጂ። በቅጠሉ መካከል ሾልኮ የሙሽራዋ ቬሎ ላይ ያረፈው የብርሃን ነጠብጣብ ሁሉ፣ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ማጭድ ሆነ። በአሥር በአሥር የሚቆጠር ማጭድ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን የዞረ፣ ከደረቷ እስከ ጫፏ! የቅጠሉ ክፍተት እንደ ካሜራ ቀዳዳ ሆኖ የተጎረሰችውን ፀሐይ እያባዛ ነጭ ጨርቅ ላይ ይስል ነበር። ማጣሪያ የማይፈልግ፣ ዓይን የማይጎዳ፣ ተራ ሌንስ የሚበቃው ፎቶ ፊታችን ቆሟል። ከመካከላችን አንዱ «ጥላው ቬሎውን አዥጎረጎረው» አለና ሙሽሮቹን ወደ ግድግዳው አዛወራቸው። «መብራት አብሩ!» ተባለ፤ የቪዲዮው መብራት በራ። አልበሙ ውስጥ ያለው የግድግዳው ፎቶ ነው።

ይህ የሆነው እንግዲህ ከመስመሩ ውጭ ነው። መስመሩ ውስጥ ምን ይነሣ እንደነበር ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። ብዙውን ጊዜ ሙሉ ግርዶሽ ከራስ በላይ ከፍ ይላል፤ ፎቶ አንሺው ጥቁር ክብ ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ክቡ ከየትኛው አገር እንደተነሣ ምልክት የለውም። የእኛው ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀራት ነው የመጣው። ክንድ ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን አድማስ ላይ ብታስቀምጡ ፀሐይዋ ከጭብጡ አናት ብዙ አትርቅም። የግራር ጥላ፣ ከኤላ (ከውሃ ጉድጓድ) የሚመለስ የግመል መንጋ፣ ቀይ የምስጥ ኩይሳ፣ በላዩ የጠቆረች ፀሐይ ከነአክሊሏ፤ ሁሉም በአንድ ክፈፍ ይገባል። ዋጋው የማይቀመስ ሌንስም አይጠይቅም፤ ባለ 200 ሚሊ ሜትሩ የሰርግ ሌንስ ይበቃል። በእሱ ፀሐይዋ ሴንሰሩ ላይ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ የቀረው ቦታ ሁሉ ለምድሪቱ ነው። ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ድረስ ሌንሱ ፊት የሚቆም ማጣሪያ፣ ጨለማው ሲወድቅ ማጣሪያውን መንጠቅ፣ ከዚያ መተኮስ። ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ደመና ሊጋርደውም ይችል ነበር፤ ቱርካና ላይ የተሰበሰቡትን የአሸዋ ነፋስና ደመና ፈትኗቸዋል። ግን ሄዶ በደመና መሸነፍና ሳይሄዱ መቅረት አንድ አይደለም። በ1919 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኤዲንግተን የብርሃንን መታጠፍ ለመለካት ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለችው ፕሪንሲፔ ደሴት ድረስ ተጉዞ ደመና ገጠመው፤ ካነሣቸው 16 ሰሌዳዎች ለሥራ የበቁት ሁለት ነበሩ። አንስታይንን በዓለም ጋዜጦች ፊት ገጽ ላይ ለማውጣት እነዚያ ሁለቱ ድርሻ አላቸው።

ጎረቤቶቻችንስ? ኡጋንዳ በዓባይ ዳር ያለችውን ፓክዋችን አዘጋጅታ ከየአገሩ እንግዳ ጠራች። ኬንያ ጎብኚዎቿን ቱርካና በረሃ ድረስ ወሰደች። ያው ጥላ ነው፤ ከእነሱ ተነሥቶ ወደ እኛ የመጣው ከማንኛውም የመንገደኛ አውሮፕላን ፈጥኖ ነው።

ከፎቶው የከፋው ሌላ ነው። ጥላው የወደቀው ጨረቃን በማንበብ በተመሰገነ ሕዝብ ምድር ላይ ነበር። የቦረና ጊዜ ቆጣሪዎች፣ አያንቱዎች፣ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መነጽር፣ የጨረቃን ጉዞ ከሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች ጋር እያስተያዩ 12 ወራትን ይቆጥራሉ፤ ለቀኖቻቸው 27 ስም አላቸው። አስመሮም ለገሠ በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ለውጭ አንባቢ ካቀረበ ወዲህ ስንት ምሁር ከባሕር ማዶ እየመጣ ጠይቋቸዋል። ቦረና ታሪኩን የሚቆጥረው በአባ ገዳዎች ዘመን ነው፤ ግርዶሹ የወደቀው በጉዮ ጎባ ዘመን ነው። ያን ምሽት አንድ አያንቱ ከኦላው (ከመንደሩ) ፊት ቆሞ ወደ ምዕራብ ሲያይ የሚያሳይ አንድ ፎቶ፣ ጥላው ካለፈ በኋላ የተናገረውን የያዘ አንድ ቅጂ ቢኖረን የትኛው ሙዚየም ነበር የማይፈልገው? ስልክ የያዘ ወጣት ባልጠፋበት ዘመን! ነገሌን አገሩ የሚያስታውሳት በጥር 1966 ወታደሮቿ በምግብና በውሃ ምክንያት ስላመፁባት ነው። ሁለተኛ የሚታወስላት ነገር በሰማይ በኩል መጥቶ ነበር።

በሰኔ 14 ቀን 2012 ደግሞ ሰማይ ላሊበላን መረጠ፤ የቀለበት ግርዶሽ፣ እሱም እሑድ። በዚያ ጊዜ ኮሮና አገር ዘግቶ ነበርና እንግዳ ባይመጣ ማንንም አልወቅስም። የ2006ቱን ግን በምን ላሳብብ?

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሌላ ጥላ ይመጣል። ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይቆያል፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሳዑዲና በየመን ያልፍና የሶማሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ነክቶ ወደ ውቅያኖስ ይወጣል። እኛን በከፊል ብቻ ይነካናል። ቢያንስ የዚያን ቀን ዛፍ ሥር ነጭ አንሶላ ዘርጉና ማጭዶቹን አንሡ።

እስከዚያው አንድ ልመና አለኝ። ጥቅምት 24 ቀን 2006 ሜጋ፣ ዱብሉቅ፣ ሞያሌ፣ ፊልቱ፣ ዶሎ ወይም በመካከላቸው ባለ መንደር የነበራችሁ፣ በአሮጌ ስልክ እንኳ ያነሣችሁት የደበዘዘ ፎቶ ካለ አትደምስሱት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የቆማችሁበትን ቦታ ጻፉበት። ፎቶ የሌላችሁ፣ ያን ምሽት ከብት ያስገቡ የነበሩ አባቶችና እናቶች ምን እንዳዩ ጠይቃችሁ ቅዱ። ያዩት አሁንም በመካከላችን አሉ።