ያልጻፍኩት ልጅ

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የጽሑፍ ኮርስ አጭር ልብ ወለድ ጽፈን እንድናመጣ ታዘዝን፡፡ ርዕሱ እንደየፍላጎታችን ነበር፡፡ እኔ መንፈሳዊ ታሪክ መረጥኩ፡፡ ለምን ብትሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር ይቀለኛል ብዬ ነው፡፡ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ባለው ሰፈራችን እንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ከቤት ቤት ይዞራሉ፡፡ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ የቡና ጠብታ ያረፈባቸው ናቸው፡፡ ኦርቶዶክሷ ከጴንጤዋ ጎረቤቷ ትዋሳለች፣ ጴንጤዋም ከኦርቶዶክሷ፡፡ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሬ ስላነበብኳቸው አካሄዳቸውን አውቀዋለሁ፡፡ ባል ይማግጣል፡፡ ሚስት ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች፡፡ ባል ይታመማል ወይም ይከስራል፤ ከዚያ ይጸጸታል፡፡ በመጨረሻው ገጽ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፡፡

የኔም ታሪክ እንደዚሁ ሆነ፡፡ ክፍል ውስጥ ሳነበው ተጨበጨበልኝ፡፡ አንዷ ጓደኛዬማ እንባዋን ጠርጋለች፡፡ ማርኩም ጥሩ ነበር፡፡

ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ፡፡ እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር፡፡ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፤ ማንበብ ትችላለች፣ ግን ሲነበብላት ትወዳለች፡፡ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፡፡ ዝም አለች፡፡ ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ሲመለስ እራቱን ማን አቀረበለት?» አለችኝ፡፡

«ሚስቱ ናታ!»

«በዚያው ቀን?»

መልስ አልነበረኝም፡፡ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ልጁንስ የት አደረስሽው?» አለች፡፡

እዚህ ላይ የቤታችንን ጉዳይ መናገር ግድ ሊለኝ ነው፡፡ አባቴ አጠና ነጋዴ ነው፡፡ ባሕር ዛፍ ለመግዛት ወደ ሆለታ ሲመላለስ እዚያ ሌላ ሴት እንዳለችው፣ ከሷም ወንድ ልጅ እንደተወለደለት ያወቅነው እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው፡፡ ከቤት ወጥቶ ሰባት ወር ቆየ፡፡ ከዚያ ሽማግሌ ላከ፡፡ የንስሐ አባታችንም አብረው መጡ፡፡ እናቴ ሁለት ነገር ጠየቀች፡፡ አንደኛ ሁለቱም ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸውን እንዲመረመሩ፤ ሁለተኛ ልጁ እንዳይደበቅ፡፡ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለ ምርመራው ቅር ሲላቸው የንስሐ አባታችን፣ «ንስሐ ለነፍስ ነው፤ ሥጋም የራሱ ሐኪም አለው» አሉና ነገሩ በዚሁ አለቀ፡፡

አባቴ ተመለሰ፡፡ እናቴ ግን ምግቡን ለብቻው በትንሽ ሳህን ነበር የምታቀርብለት፡፡ እኛ በትሪ፣ እሱ በሳህን፡፡ አትሰድበውም፣ አታኮርፈውም፣ ግን አንድ ገበታ ላይ አልቀመጥ አለች፡፡ ጉርሻ ያጎረሰችው በዓመቱ፣ በፋሲካ ነው፡፡ ማናችንም ቃል አልተነፈስንም፡፡ አባቴ ያቺን ጉርሻ ለመዋጥ ሲቸገር ዛሬም ድረስ ይታየኛል፡፡ እኔ ልብ ወለዴ ውስጥ ይህንን ሁሉ «ይቅር አለችው» ብዬ በሁለት ቃል ነበር ያለፍኩት፡፡

ከእናቴ ጥያቄ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሌሎች እንዴት እንደጻፉ ለማየት ሞከርኩ፡፡ ትዳርንና ሃይማኖትን አንድ ላይ መጻፍ በኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፡፡ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ ያላመነው ንጉሥ ክርስቲያን ሆኖ ጦቢያን ሲያገባ ነው የሚያበቃው፡፡ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ የሚናገረውን «የልብ አሳብ» አሳትመዋል፡፡ ከጅምሩ ልብ ወለዳችን ለምክር የቀረበ ነው፡፡ በዚህ አላፍርም፡፡ የሰፈራችን ሴቶች እነዚያን ቀጫጭን መጻሕፍት የሚያነቡት ለጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም፤ ለማንም የማይነግሩት ነገር ስላላቸው ነው፡፡ እናቴም ያኔ ታነብ ነበር፡፡

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ግን ቤታችን መደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ ነው፡፡ በመጽሐፍ ቅዱስ የነቢዩ ሆሴዕ ሚስት ጎሜር ትከዳዋለች፡፡ ሰባኪ ሁሉ ስለ ሁለቱ ያስተምራል፡፡ እኔ እንደገና ሳነበው ዓይኔን የያዙት ልጆቹ ናቸው፡፡ ሦስት ናቸው፡፡ ከሦስቱ ሁለቱ የተሰጣቸው ስም ከባድ ነው፤ የአንዷ ምሕረት ያላገኘች፣ የአንዱ ሕዝቤ ያልሆነ እንደማለት ነው፡፡ ትንሽ ወረድ ሲል ያው መጽሐፍ ስማቸውን ይገለብጠዋል፡፡ አዲሱን ስም እንዲጠሩ የታዘዙት ደግሞ ወንድሞቻቸው ናቸው!

የኔ ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ነው፡፡ ልጁን አባቴ መጀመሪያ ቤታችን ያመጣው አራት ዓመት ሲሞላው ነው፡፡ ለእንቁጣጣሽ ነበር፡፡ እናቴ እጁን ይዛ ወደኔ አቀረበችውና «እህትህ ናት፣ ሳማት» አለችው፡፡ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ልጅ ነበርኩ አልልም፡፡ «እኔ እህቱ አይደለሁም» አልኩ፡፡ ልጁ የእናቴን ቀሚስ ይዞ ተሸሸገ፡፡ የተበደለችው እሷ፣ ልጁ የተጠጋው እሷን! ማታ ስንተኛ፣ «የበደለኝ አባትሽ ነው፡፡ እሱ ምን አደረገ?» አለችኝ፡፡

ይኸው ከአራት ዓመት በኋላ ስለ ማመንዘር ልብ ወለድ ስጽፍ ያንን ልጅ በድጋሚ ከቤት አስወጣሁት፡፡ ታሪኩ እንዲያምርልኝ ብዬ ነው፡፡ እናቱንም ክፉ አደረግኳት፤ ስም እንኳን አልሰጠኋት፣ «ያቺ ሴት» ብቻ፡፡

ሕጉ እንኳን ከኔ ይሻላል፡፡ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 652 ምንዝርን ወንጀል ያደርጋል፤ ክስ የሚቀርበውም የተበደለው የትዳር ጓደኛ ሲያመለክት ነው፡፡ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፡፡ የበደሉን ዳኝነት ለባልና ሚስት ትቶ ልጁን ከመሃል አውጥቶታል፡፡ እናቴ አንቀጽ ሳታውቅ ያደረገችው ይህንኑ ነው፡፡ ሕግ ማድረግ የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር ጉርሻ ነው፡፡

መንፈሳዊ ልብ ወለድ አትጻፉ እያልኩ አይደለም፡፡ እኔም መጻፌን አልተውም፡፡ ግን የምትጽፉ ጓደኞቼ ሆይ፣ ፈውሱን በመጨረሻው ገጽ አታጣድፉት፡፡ በመሃል ስንት እራት ለብቻ እንደተበላ ቁጠሩት፡፡ የወጣ ሰው ካለ ደግሞ ማን እንዳስወጣው ጠይቁ፡፡

ይህንን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከመስጠቴ በፊት ለአባቴ አነበብኩለት፡፡ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝና ሁለቱንም ወገን መጠየቅ አለብኝ፡፡ ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እናትሽ እሺ ካለች» አለ፡፡

እናቴን ጠየቅኳት፡፡ «ስሙን አትጥሪ፤ ነገ ትምህርት ቤት ያነቡበታል» አለች፡፡ «ግን አለ በይ፡፡»

አለ፡፡ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ሂሳብ ይወዳል፡፡ ቅዳሜ ይመጣል፡፡ 18 ማዞሪያ ታክሲው ጋ ቆሜ የምቀበለው እኔ ነኝ፡፡