ከአቀስታ ወዲያ

ያንን የጉዞ ማስታወቂያ ዛሬ ሳታዩት አልቀራችሁም፤ ግማሻችሁ በውስጥ መስመር ልካችሁልኛል። ላሊበላ፣ ግሸን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከዚያ ወደ ቤት። መልካም ነው፣ ሦስቱም ቢታዩ አይጠገቡም። እኔን ያንገበገበኝ ከሥሩ የተጻፈው ነው። አንዱ የእኛን አገር አስቦ «ከአቀስታ ወዲያስ?» ብሎ ጠየቀ፤ «እዚያ የሚታይ ነገር የለም» ተባለ።

የለም?

ደንቆሮ ጫካ የት ሄዶ ነው? በ2001 ዓ.ም. ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው፣ ኋላም ስሙ ላይ ወረሂመኖ የተጨመረበት ደናችን? ከ1,900 ሜትር ግድም ይነሳና ከ3,600 ሜትር በላይ ይወጣል። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ አናቱ ላይ ጓሳና ጅብራ። ጅብራን ከርቀት ፎቶ አንስታችሁ አትመለሱ፤ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆያል። ጊዜው ሲደርስ ከመሐሉ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል። በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የሚያብበው።

ቀይ ቀበሮም አለን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 እንኳ አይሞሉም፣ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ከእነሱም ጥቂቶቹ እኛው ዘንድ ናቸው። ሐይቅ የለንም፣ እውነት ነው። ግን ደጋችን ላይ የዘነበው ዝናብ ገደሉን ወርዶ ዓባይ ይገባል፤ ያንን ገደል ከአፋፉ ቆሞ ያየ ሰው «የሚታይ የለም» አይልም። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥታችሁ «በረደን» የምትሉ የደሴ ልጆች ደግሞ ደንቆሮ አናት ላይ ጋቢ መለመናችሁ አይቀርም። አብሽሩ፣ ጋቢ አይጠፋም።

ይህን እየጻፍኩ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ሳይንስ እየተማርን ነው። መምህሩ የጭላዳ ሥዕል አሳየንና «ይህ ዝንጀሮ የሚገኘው ሰሜን ተራሮች ነው» አለን። ከጫካው ዳር እየተመላለሰ የሚማረው ልጅ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ ይሄማ የኛን ገብስ የሚበላው ነው!» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን አልቀለደም። ገብስ ሲያሸት ከትምህርት የሚቀረው ወንጭፉን ይዞ ማሳ ሲጠብቅ ስለሚውል ነበር። «ለምን ቀረህ?» ሲባል «ዝንጀሮ ስጠብቅ» ብሎ እውነቱን ተናገረ፤ እንደ ቀልደኛ ተቆጥሮ ተገረፈ። በነጋታውም ቀረ፣ ምክንያቱም በነጋታውም ጭላዳው ከገደሉ ወጥቷል።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ጭላዳው ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቱ እየለቀመ ሲበላ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ፀሐይ ሲያርፍበት፣ ማየቱ ያስደስታል፤ ለእኛ። ለዚያ ልጅ አባት ግን ጭላዳው የሚበላበት የዓመት ቀለቡን ነው። ደኑን ተው ተባለ፣ ማገዶውን ተው፣ ግጦሹን ተው። በምላሹ ምን ተሰጠው? ገብሱ ሲበላ ማን ካሰው?

መፍትሔ የሚሆን መንገድ ግን አለ። መንዝ ጓሳ ሂዱና ጠይቁ። ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዘመናት ጓሳውን ቄሮ በተባለ ሥርዓት፣ መቼ እንደሚታጨድና መቼ እንደሚዘጋ ራሱ እየወሰነ ጠብቆ አቆይቶታል፤ ዛሬ እንግዳ የሚያሳድርበት የማኅበረሰብ ሎጅ አለው። እኛም ዘንድ ተራራው፣ አውሬውና ሰው ወዳዱ ሕዝብ አለ። የጎደለው ማደሪያ፣ የሠለጠነ መንገድ መሪና «ኑ» የሚል ድምፅ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ፤ የደኑን ዳር ልጆች መንገድ መሪነት ማሠልጠን የሚያቅት ነገር አይደለም።

ዛሬውኑ ሂዱ አልልም፣ ጊዜውን ታውቁታላችሁ። ሰላም ሲወርድ ግን ሂዱ። ውሻ ይዛችሁ አትግቡ፤ ከውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን በመንጋ ይፈጃል። በቅሎውንም መሪውንም ከደኑ ዳር ሰፈር ተከራዩ፣ በሶውንም እዚያው ግዙ። ገብሱ የተበላበት ሰው ከእንግዳው ካልተጠቀመ ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።