የእናት ሥራ

ባለፈው ወር የልጄን የትምህርት ቤት ቅጽ ስሞላ «የእናት ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ ሳላስብ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። የአሥር ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ቆማ ስታነብ ኖሯል። «አባዬ፣ እማዬ ጥልፍ ትሠራ የለ እንዴ?» አለችኝ። «እሱማ ትሠራለች፤ ዋናው ሥራዋ ግን ቤት ነው» አልኳትና በማግስቱ ቅጹን አስረከብኩ።

በዚያው ሰሞን ቦስተን የምትኖረው እህቴ ከሙዚየም የገዛችውን ፖስት ካርድ በሰው ላከችልን። በጎድጓዳ ሳህን ላይ ያሉ ነጫጭ አበቦች ናቸው፤ ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ በርት ሞሪዞ እ.ኤ.አ. በ1885 የሣለቻቸው። ቀረብ ብለው ሲያዩት በችኮላ የተጫረ ቀለም ይመስላል፤ ራቅ ሲሉ ግን አሁን የተቀጠፈ አበባ ይሆናል። ባለቤቴ ካርዱን ከክሮቿ አጠገብ አስደግፋ ብዙ አየችው። «ልጅ ሳያለቅስባት ልትጨርስ ነው የቸኮለችው» ብላ ሳቀች።

እኔም ስለ ሴትዮዋ ማንበብ ያዝኩ። ኢምፕሬሽኒስት የተባሉት ሠዓልያን ካዘጋጇቸው 8 ዐውደ ርዕዮች በ7ቱ ሥራዎቿን አቅርባለች። የቀረችው በ1879 ብቻ ነው፤ አንድ ልጇን ዡሊን ከወለደች ገና ወራት ብቻ አልፏት ነበር። በ1895 ዡሊ ስትታመም እናት አስታመመች፤ ሕመሙ ወደ እሷ ተላልፎ በ54 ዓመቷ አረፈች። ልጅቷ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የሰፈረው ግን «ሥራ የላትም» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ቅጹ ትዝ አለኝ። ያንን የጻፈው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ እንደ እኔው ሳያስብ ጽፎት ይሆናል። አምና የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ግማሹ የተከፈለው ባለቤቴ ማታ ማታ፣ እኛ ከተኛን በኋላ በጠለፈቻቸው የትራስ ልብሶች ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ያን የጻፍኩት።

በነጋታው ትምህርት ቤት ሄጄ አዲስ ቅጽ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ «ተሳስቼ ነው» አልኳት። «የጥልፍ ባለሙያ» ብዬ በጉልህ ጻፍኩ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። መርፌዋን ሳታስቀምጥ፣ «ይቺን ለመጻፍ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ ነበረብህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።