አሠሪው ማነው?

ስልኬ ሲጮኽ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ካለ ካፌ በረንዳ ላይ ነበርኩ። አብረውኝ የተቀመጡት የአንድ እንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ናቸው። ሥራዬ አሠሪዎች የሙያ ደህንነትና ጤንነት ሕጉን እንዲያሟሉ ማማከር ነው። የመጋዝ ማሽናቸው መከለያ ለምን እንደሚያስፈልገው እያስረዳኋቸው ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል።

"ልጄ፣ ሠራተኞቼ ስንት ዓመት እንዲሁ ሲሠሩ ኖረዋል። እስከ ዛሬ ምንም አልሆነም" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ጣት የሚቆረጠው አንዴ ነው" አልኳቸው። ለሁሉም የምላት አባባል ነች።

ስልኩን ሳነሳ የራሴን ቤት የሚሠራው ግንበኛ ነው። "ልጁ ከርብራቡ ላይ ወደቀ" አለኝ።

እኔና ባለቤቴ መቀሌ ዳር አንዲት ፎቅ ቤት እየሠራን ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ባንክ ተዘግቶ ማውጣት ያልቻልነውን ቁጠባ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ስናገኘው፣ የስሚንቶና የብረት ዋጋ ጥሎን ሄዷል። ስለዚህ ከሁሉም ነገር ላይ ትንሽ ትንሽ ቀነስን። ርብራቡ የባሕር ዛፍ ነው። ጣውላው ስላልበቃ፣ ለሶሌታው ሲፈለግ ከርብራቡ ላይ ይነሳል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። የዚያን ቀን ጠዋት ተመልሶ የተቀመጠው ጣውላ በሚስማር አልተመታም ነበር። ልጁ ማልታ የያዘ ባልዲ ተሸክሞ ጫፉን ሲረግጠው ጣውላው ተንጋደደ።

ሆስፒታል ስደርስ እግሩ ተሰብሯል፣ ሕይወቱ ግን ተርፏል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትንሽ ቆይተው እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። አልጮኹም፤ አላለቀሱም። በሩ ላይ የቆምነውን አንድ በአንድ አዩንና "አሠሪው ማነው?" አሉ።

ዓይኔ ወደ ግንበኛው ሄደ። እውነቱን ልናገር፣ ለአፍታ ያህል እሱ "እኔ ነኝ" እንዲል ተመኝቻለሁ። እሱ ግን እኔን አየኝ። ልክ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠራተኞቹን ሒሳብ በእጄ እየቆጠርኩ የምከፍለው እኔ ነኝ።

"እኔ ነኝ፣ አደይ" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይማርልን" አሉ። ቀጥለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ "እስኪድን ቤቱን ማን ይደግፋል?"

መልሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ የተጎዳ ሠራተኛን የሕክምና ወጪ አሠሪው ይሸፍናል ይላል። ሠራተኛው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደሞዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ይህን ለስንቱ ድርጅት በስክሪን ላይ አሳይቻለሁ! ለአንዲት እናት ስናገረው ግን ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ማታ ቤት ገብቼ አልተኛሁም። አንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የደረሰ አደጋን እንዲመዘግብ ያዝዛል። እኔ ምን አድርጌያለሁ? አራት ሄልሜት ገዝቻለሁ። በዚያም ሕሊናዬ ተኝቶ ነበር። ሄልሜት ግን ያልተመታን ሚስማር አይመታም። መጀመሪያ የሚስተካከለው ቦታው ነው፤ ሰው ላይ የሚደረገው መከላከያ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህንን ለሌሎች አስተምራለሁ፤ በራሴ ቤት ግን አደጋ የሌላ ሰው ነገር መስሎኝ ቆየሁ።

በማግስቱ ሥራውን አስቆምን። ጣውላዎቹን በሁለቱም ጫፍ በሚስማር አስመታን። ለርብራቡ ብቻ የሚሆን ጣውላ ገዝተን፣ ለሌላ ሥራ እንዳይነሳ ጫፉን ቀይ ቀለም ቀባነው። ወገብ ላይ የሚደርስ መደገፊያ አግዳሚ ተመታ፤ መሰላሉም ከላይ በገመድ ታሰረ። ጠዋት ጠዋት ማንም ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው እየዞረ እንዲያይ ተስማማን። ሥራው በሙሉ ከአንድ ቀን አላለፈም። ወጪው የልጁን የአንድ ወር ሕክምና አያክልም ነበር። ግንበኛው መጀመሪያ "ቀናችን ተቃጠለ" ብሎ አጉረመረመ። በሳምንቱ ግን ቀይ ጫፍ ያለው ጣውላ ሊያነሳ የመጣውን ሠራተኛ ሲቆጣ ሰማሁት።

ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ስመለስ ቦርሳዬን አልከፈትኩም። ለጋሼ የደረሰብኝን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጁ እንዴት ነው?" አሉ። ቀጥሎ አብረን ወደ ማሽኑ ሄድን። መከለያው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተገጠመ፤ ብዙም ሳይቆይ አንዱ ሠራተኛ ፈትቶ ግድግዳ ላይ አስደግፎት አገኘነው። በፊት ቢሆን ቅጣት እመክር ነበር። አሁን ግን "ለምን አወጣኸው?" ብዬ ጠየቅሁት። ወፍራም እንጨት አያሳልፍም አለኝ፤ የሚከፈለውም በሠራው ልክ ነው። ብረት ሠሪው ከፍና ዝቅ እንዲል አድርጎ አስተካከለው፤ ከዚያ ወዲህ ከቦታው አልተነሳም።

ድሮ አሠሪዎች እምቢ የሚሉኝ ስለ ሰው ግድ ስለሌላቸው ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቹ እንደኔው ናቸው። ገንዘብ አጥሯቸዋል፤ ቸኩለዋል፤ እስከ ዛሬም ምንም አልሆነም።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ "እኔ ፋብሪካ የለኝም" ትሉ ይሆናል። ቤት እያሠራችሁ ከሆነ፣ ጣሪያ የሚጠግን ወይም ግድግዳ የሚቀባ ሰው ከጠራችሁ፣ ከመውጣቱ በፊት የሚረግጠውን አብራችሁ እዩ። መሰላሉን ነቅንቁት።

ልጁ አሁን ይራመዳል፤ ብርድ ሲሆን ግን ያነክሳል። ቤታችን ሲመረቅ ከእናቱ ጋር መጥቶ ነበር። አደይ ቡና እየጠጡ ቀና ብለው በረንዳውን አዩት። "ከዚህ ነው የወደቀው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ከዚህ ነው" አልኳቸው።