ፎቶው ተከፈተ፤ ወሬውስ የት ገባ?

ዛሬ ወሬያችን ስለ ሶፍትዌር ነው። ገና ከአሁኑ ልትሸሹ ያሰባችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። ስለ ኮምፒዩተር ብናወራም ጉዳዩ የሰውና የሰፈር ነው።

እኛ ሦስት ነን። ጋዜጠኝነት አብረን ተማርን፣ አብረን ተመረቅን፣ እስካሁንም አንድ ላፕቶፕ በጋራ እንጠቀማለን። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ ይህች አሮጊታችን ለዊንዶውስ 11 አልበቃችም፤ ፕሮሰሰሯ ያረጀ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕም የላትም። አዲስ መግዣ ደግሞ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት ጫንንባት። ዊንዶውሱን ግን አላጠፋነውም፤ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ይህችን ነገር ያዙልን፣ ኋላ ትጠቅመናለች።

መልመዱ እንደተፈራው አልሆነም። ፋየርፎክስ ያው ፋየርፎክስ ነው፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ጣጣው የመጣው ፎቶ ላይ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ያደገ ሰው ኢርፋንቪውን አያጣውም፤ ያ ቀይ የተጨፈለቀ ድመት የሚመስል ምልክት ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ ቀላልና ፈጣን ፕሮግራም። እሱ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ ዋይን የሚባል አማላጅ ይፈልጋል። ሊኑክስ በበኩሉ የራሱ ብዙ አለው፦ ከሚንት ጋር የሚመጡት ኤክስቪውርና ፒክስ፣ ጂተምብ፣ ግዌንቪው፣ ጊኪ፣ ዲጂካም። ኤክስኤንቪው ኤምፒ ደግሞ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ምርጫ ሲበዛ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ ይፈጥናል ወይ? ያምራል ወይ? እኛም የጀመርነው ከዚያው ነው። ሁሉም ፎቶዎቻችንን ጥርት አድርገው ከፈቱልን። ለብዙዎቹ ፎቶዎች የጻፍነው መግለጫ ግን በአንዳቸውም ላይ አልታየም።

የትኞቹ ፎቶዎች መሰሏችሁ? ተማሪ ሳለን ካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ እየዞርን ያነሳናቸው። በሯ ላይ ቡና የምትቆላ እናት፣ የቆርቆሮ አጥር ተደግፎ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ ድሮ ጠጅ ቤት የነበረ ባለ ሰገነት ቤት። በየፎቶው ሥር ማን እንደሆኑ፣ ቤቱ ከየትኛው መታጠፊያ ገባ ብሎ እንደሚገኝ፣ ስንት ዓመት እንደኖሩበት ጽፈናል። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ። ዛሬ ሄደን "ይህ ቤት የማን ነበር?" ብለን የምንጠይቀው ጎረቤት የለም፤ ጎረቤቱም ተበትኗል። ለእነዚያ ቤቶች የቀረላቸው አድራሻ ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ብቻ ናት። ስለዚህ የመክፈቻው ፍጥነት ወዲያው ተረሳን።

ነገሩን ስንመረምረው እንዲህ ሆኖ አገኘነው። የፎቶ መግለጫ ሦስት ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። አንደኛው ራሱ ፋይሉ ውስጥ ነው። ይህ እናቶቻችን ጀርባው ላይ "ለማስታወሻ" ብለው በእስክሪብቶ እንደጻፉበት ፎቶ ነው፤ ፎቶው በሄደበት ጽሑፉም ይሄዳል። ሁለተኛው ከፎቶው አጠገብ የምትቀመጥ ትንሽ ፋይል ናት፤ አብራ ካልተቀዳች ትቀራለች። ሦስተኛው የፕሮግራሙ የራሱ መዝገብ ነው። ይኼኛው የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስም በጭንቅላቱ ይዞ እንደሚዞር ፎቶ አንሺ ነው፤ እሱ ከሌለ ስሙም የለም። ዊንዶውስ ላይ እንጠቀምበት የነበረው ፕሮግራም (ስሙ ይቆየን) ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነበር።

የዜና ሰዎች ይህን ችግር ቀድመው አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አይፒቲሲ የተባለው የፕሬስ ምክር ቤት፣ መግለጫና የፎቶ አንሺ ስም ከፎቶው ጋር እንዲጓዙ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ ግን በላቲን ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። ለፎቶ አንሺ ስም 32 ባይት ይፈቅዳል። በዩኒኮድ የተለመደ አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ይህ 10 ፊደል መሆኑ ነው። ስማችሁን ከነአባታችሁ ቁጠሩት እስቲ! ለመግለጫው የተፈቀደው 2000 ባይትም በእኛ ፊደል 666 ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አዶቢ ያመጣው ኤክስኤምፒ ይህ ጥበት የለበትም። እናም አማርኛ የሚጽፍ ሰው ፕሮግራሙ ኤክስኤምፒ መጻፉን ማረጋገጥ አለበት።

ከዚያ በኋላ መፈተኛችን አንድ ሆነ። በእያንዳንዱ ፕሮግራም ለአንድ ፎቶ የአማርኛ መግለጫ እንጽፋለን፤ ፎቶውን ብቻውን ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን፤ ሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ፣ በሌላ ፕሮግራም እንከፍታለን። መግለጫው አብሮ ከመጣ አለፈ፣ ካልመጣ ወደቀ። ኤክስቪውር ፈጣን ነው፤ ሥራው ግን ማሳየት ስለሆነ መግለጫ እንዲጽፍ አንጠብቅበትም። ፒክስ፣ እንደ ወላጁ እንደ ጂተምብ፣ መረጃው ፋይሉ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ምርጫ አለው። ዲጂካም ደግሞ መጀመሪያ ሲከፈት ራሱ ይጠይቃል፦ መረጃውን ፋይሎቹ ላይ ልጻፍ ወይስ ልተው? እኛ "ጻፍ" አልነው።

በመጨረሻ ለዕለት ዕለቱ ኤክስቪውርን፣ ለማስቀመጡ ዲጂካምን መረጥን። ዲጂካም ለአሮጊታችን ከበድ ይላታል፤ ሲከፈት ቡና ይፈላል። ነፃ መሆኑና ዊንዶውስና ማክ ላይም መሥራቱ ግን አስታረቀን፤ ነገ ደግሞ የት እንደምንሰደድ ማን ያውቃል?

የድሮዎቹን መግለጫዎችስ? ያልተጠፋው ዊንዶውስ የጠቀመን እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩን በዊንዶውስ አስነስተን አንዷ ታነባለች፣ ሁለታችን በየደብተራችን እንጽፋለን። ከዚያ በሊኑክስ አስነስተን ከደብተር ወደ ዲጂካም። አራት መቶ የሚሆኑ ፎቶዎች፣ ሁለት ሳምንት ምሽት፣ መብራት የጠፋበትን ሳንቆጥር። ያቺ ቡና የምትቆላ እናት ስሟ ከነአባቷ ተመልሶ ሥሯ ሲቀመጥ ግን ድካሙ ቀለለን።

እናንተም ኮምፒዩተር ልትቀይሩ ካሰባችሁ ይህችን ያዙ። የድሮውን ሳታጠፉ በፊት አንድ ፎቶ በፍላሽ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ ክፈቱት። በቴሌግራም ስትላላኩም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ምስሉም ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው ጽሑፍም ይቀራል። ደግሞ ቤታችሁ ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ካለ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ጻፉበት። ለዚህኛው ሶፍትዌርም አያስፈልግ፤ እስክሪብቶ ይበቃል።

ቸር እንሰንብት!