በሩዝ እርከኖች መካከል ሦስት ሌሊት



ኑሮ ፍለጋ በሄድንበት የገልፍ አገር ከፊሊፒናውያን ጋር አብረን እንሠራለን። ከእነርሱ መካከል አንዷ የኢፉጋኦ ተወላጅ ናት። እኛ ባልና ሚስት ለዕረፍት ወደ አገሯ መሄዳችንን ስትሰማ «ወላጆቼ ዘንድ ሳታድሩ እንዳትመለሱ» ብላ አጥብቃ ለመነችን። ለእናቷም አንድ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ አስያዘችን።

ኢፉጋኦ በሰሜናዊ ሉዞን፣ በኮርዲሌራ ተራሮች ውስጥ ይገኛል። ከማኒላ ማታ በአውቶቡስ ተነስተን ሲነጋ ባናዌ ደረስን። ከዚያም ወደ ባታድ መንደር መኪና እስከሚደርስበት ሄደን የቀረውን ቁልቁል በእግራችን ወረድነው።

ተራራው ከሥር እስከ አናቱ እንደ ስታዲየም መቀመጫ ደረጃ በደረጃ ተቆርጧል። እያንዳንዱ ደረጃ ውሃ የቋጠረ የሩዝ ማሳ ሲሆን፣ ግድግዳውም ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ነው። የኮንሶን እርከን ያየ አንባቢ ካቡን በቀላሉ ይገምተዋል፤ የኢፉጋኦው ግን ለወራት ኩሬ ሆኖ መቆየት አለበት። ዕድሜው ሁለት ሺህ ዓመት ነው ሲባል ኖሯል። በቅርብ ዓመታት የተካሄዱ ቁፋሮዎች ግን የሩዝ እርከኑ የተስፋፋው ስፔናውያን ከመጡ ወዲህ፣ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ያመለክታሉ። መንገዱ የግድግዳው ጫፍ ራሱ ነው፤ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው ገደል። አስጎብኛችን የባለቤቶቹ የልጅ ልጅ ሲሆን በነጠላ ጫማ ይሮጥበታል፤ እኛ ተያይዘን እየተንፏቀቅን ተከተልነው።

በዚያ አገር አሳማ የሌለበት ደጃፍ ጥቂት ነው። ስለ ምግቡ አሳስቦን ነበር። እናትየዋ ግን ልጃቸው አስቀድማ ነግራቸው ኖሮ አዲስ ድስት ገዝተው ጠበቁን፤ በእርሱም ሩዝ፣ እንቁላልና ጎመን ሠሩልን። ከሩዝ የሚጠመቀውን መጠጥ ለእንግዳ ማቅረብ ወጋቸው ነው። እንደማንጠጣ ስንነግራቸው ቅር ሳይላቸው ከጓሯቸው የለቀሙትን ቡና ቆልተው አፈሉልን። «እናንተ አገር ቡና አለ?» ብለውም ጠየቁን። (ምን ብለን እንመልስ!) ለሱብሒ ስንነሳ ከላይ በቦይ በሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ አደረግን።

ይህ ውሃ ከእርከኑ በላይ ካለው ደን ይመጣል። ደኑን «ሙዮንግ» ይሉታል። ቤተሰብ የራሱ ደን አለው፣ ይጠብቀዋል፣ ያወርሰዋል። ሩዙም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታጨድ በመሆኑ «ቲናዎን» ይባላል፤ ትርጉሙም ያው «በዓመት አንዴ» ማለት ነው። በወጋቸው መሠረት ርስቱ ተቆራርጦ እንዳያልቅ ዋናው ማሳ ወንድም ይሁን ሴት ለበኩር ልጅ ይተላለፋል። የእነዚህ ሰዎች በኩር ደግሞ ሻንጣውን ያስያዘችን ባልደረባችን ናት።

ዩኔስኮ እርከኖቹን በ1995 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገባቸው። በ2001 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ አስገባቸው፤ በ2012 ከዚያ መዝገብ አወጣቸው። ከመዝገብ መውጣት ግን ድንጋይ አይክብም። በአዛውንቱ ማሳ ላይ ዝናብ የናደው አንድ ግድግዳ ነበር። የላይኛው ካልተጠገነ ውሃው የታችኛውን ጎረቤት ማሳ ይዞ ይሄዳል። ልጃቸው በየወሩ ገንዘብ ትልካለች፤ ነገር ግን ጉልበት ያለው ወጣት ወይ ማኒላ ነው፣ ወይ ባሕር ማዶ። የቀረውም እንደ እኛ ያለውን እንግዳ ይመራል፤ የልጅ ልጃቸው እንግዳ መምራት ከካብ ሥራ ይልቅ እንደሚያዋጣው ሳይደብቅ ነገረን። ልንፈርድበት አንችልም፤ እኛም የአባቶቻችንን መሬት ትተን የወጣን ነን።

በመጨረሻው ማታ እናትየዋ ሻንጣውን ከፍተው ዕቃውን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ መልሰው ዘጉት። ከዚያም «መቼ ነው የምትመጣው?» አሉን። የእኛም እናቶች በደወልን ቁጥር የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። «ኮንትራቷ ሲያልቅ» አልናቸው፤ ስንት ጊዜ እንዳደሰችው እያወቅን።

በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን ስንወጣ አዛውንቱ ከታች ከወንዙ ዳር ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ፈረሰው ግድግዳ ሲያዘግሙ ከሩቅ አየናቸው። የልጅ ልጃቸው የእኛን ጓዝ ተሸክሞ ከፊታችን ይሄድ ነበር።